«እንጀራ እናት ማለት ክፉ ማለት ነው?»

ከአዲስ አበባ የደረሰኝን ረዘም ያለ ደብዳቤ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ባለቤቴን ያገባሁት ከዓመት ከመንፈቅ በፊት ነው። የ5 ዓመት ልጅ አለችው፤ ወላጅ እናቷ ያረፈችው ልጅቷ 2 ዓመት እንኳ ሳይሞላት ነው። እኔን እትዬ ትለኛለች። እንዋደዳለን፤ ማታ ማታ ሳላነብላት አትተኛም። በቅርቡ አክስቷ ከአሜሪካ በሥዕል ያጌጡ የተረት መጻሕፍት ላከችላት፤ ሲንደሬላ፣ ስኖው ኋይት፣ ሃንሰልና ግሬትል። በእንግሊዝኛ የተጻፉ ስለሆኑ እያየሁ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብላታለሁ። ሲንደሬላን ስጀምር ‹እንጀራ እናት› የሚለው ቃል አፌ ላይ ደረቀብኝና ‹አክስት› ብዬ አለፍኩት። በገጹ ላይ ሴትዮዋ ቁልፍ ይዛ ደረጃው አናት ላይ ቆማለች፤ ልጅቷ መጥረጊያ ይዛ ከታች አንጋጣ ታያታለች። ልጃችን ጣቷን ሴትዮዋ ላይ አሳርፋ ብዙ ቆየች። በሳምንቱ ከመዋዕለ ሕፃናት ስትመለስ ‹እትዬ፣ እንጀራ እናት ማለት ክፉ ማለት ነው? አንቺ እኮ እንጀራ እናቴ ነሽ አሉኝ› አለችኝ። ‹ማን አለሽ?› ከማለት በቀር የምመልሰው አጣሁ። አማቴ ይህን ሲሰሙ ‹የፈረንጅ ተረት ቤት ያፈርሳል፤ መጻሕፍቱን ከቤት አውጪልኝ› አሉ። ባለቤቴ ዝም ብሏል። መጻሕፍቱን ለሰው ልስጥ? ቃሉን እየለወጥኩ ላንብብ? ምን ላድርግ?»

ውድ እኅቴ፣

አስቀድሜ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ጥያቄው ለማን እንደ ቀረበ ነው። ልጅዎ አባቷን ወይም አያቷን ልትጠይቅ ትችል ነበር፤ የመረጠችው ግን እርስዎን ነው። ልጅ የሚፈራውን ሰው ፊት ለፊት ቆሞ «አንቺ ክፉ ነሽ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ይሸሸዋል፣ ወይም ዝም ይለዋል። እርስዎ ደብዳቤውን የጻፉት በጭንቀት ቢሆንም እኔ ያነበብኩት የዓመት ከመንፈቅ ድካምዎ ፍሬ እንዳፈራ የሚያሳይ ማስረጃ አድርጌ ነው።

መጻሕፍቱን ለሰው አይስጡ፤ ቃሉንም አይለውጡ። ልጅዎ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ራሷ ማንበብ ትጀምራለች፤ ያን ጊዜ «አክስት» ያሏት ሴት በመጽሐፉ ውስጥ አክስት እንዳልሆነች ትደርስበታለች። የዚያን ዕለት የሚያስጨንቃት ተረቱ ሳይሆን እርስዎ የደበቋት መሆኑ ነው። ቃሉን ዘልለው ባለፉ ቁጥር፣ ሳያስቡት፣ ቃሉ በእርግጥ የሚያሳፍር ነገር እንደ ያዘ እየነገሯት ነው።

አሁን ደግሞ ለልጅዎ ሳይሆን ለራስዎ የሚሆን ነገር ልንገርዎ፤ ክፉዋ እንጀራ እናት ከየት እንደመጣች ማወቅ ሸክምዎን ያቀልልዎታል ብዬ አምናለሁና። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ያኮብና ቪልሄልም ግሪም የተባሉት ጀርመናውያን ወንድማማቾች የተረት ስብስባቸውን የመጀመሪያ ጥራዝ በ1812 ሲያሳትሙ፣ በስኖው ኋይት ውበት ቀንታ ልታስገድላት የተነሣችው ንግሥት እንጀራ እናቷ አልነበረችም፤ የወለደቻት እናቷ ነበረች። በ1819 በወጣው ሁለተኛ እትም ግን እናትየው ልጇን እንደ ወለደች እንድትሞት ተደረገና በቦታዋ እንጀራ እናት ገባች። የሃንሰልና ግሬትልም ነገር እንደዚሁ ነው። ረኀብ በገባበት ቤት «ልጆቹን ጫካ ወስደን እንተዋቸው» እያለች እንጨት ቆራጩን ባሏን የምትወተውተው ሴት በ1812 እናታቸው ነበረች፤ እንጀራ እናት የሆነችው በ1840 በአራተኛው እትም ነው። ሁለቱን ሴቶች የለወጠው በየእትሙ ተረቶቹን ሲያርምና ሲያሳምር የኖረው ቪልሄልም ነበር። መጽሐፉ በየቤቱ ለሕፃናት ይነበብ ጀምሮ ስለነበር፣ እናት የገዛ ልጇን ስትጥል ማሳየቱ እንደ ከበደው ብዙ ተመራማሪዎች ይስማማሉ። ወንድማማቾቹ ራሳቸው አባታቸውን በ1796 ገና ልጆች ሳሉ፣ እናታቸውን ደግሞ በ1808 አጥተዋል፤ መጽሐፉ የወጣው እናታቸው ካረፈች ከ4 ዓመት በኋላ ነው። እናቱን የቀበረ ሰው የእናትን ስም ከክፋት ለማጽዳት ቢጣደፍ እኔ አልፈርድበትም። ነገር ግን የእናት ስም የጸዳው በእንጀራ እናት ስም ላይ ጥላሸት ተቀብቶ ነው፤ ያ ጥላሸት ከ200 ዓመት በኋላ የእርስዎ ሳሎን ድረስ መጥቷል።

ሲንደሬላ ግን ከጥንትም የእንጀራ እናት ተረት ናት፤ በቻይና በ9ኛው ክፍለ ዘመን በጽሑፍ በሰፈረው ተመሳሳይ ተረት ውስጥ እንኳ እንጀራ እናት አለችበት። ምክንያቱም የኑሮ እውነት ነበረና ነው። በዚያ ዘመን እናቶች በወሊድ ይሞታሉ፤ አባት ቤቱን የምትይዝለትን ፈልጎ ቶሎ ያገባል፤ እህል በጠበበበት ቤት «የማን ልጅ ቀድሞ ይብላ?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ይሆናል። ስለዚህ አማትዎ ተረቱ ከባድ ነገር እንደ ያዘ መጠርጠራቸው ትክክል ነው። የማልስማማው ከባድ ነገር ሁሉ ከቤት ይውጣ በሚለው ላይ ብቻ ነው።

ወደ ሥዕሉ ልምጣ። የ5 ዓመት ልጅ መጽሐፍን የምታነበው በዓይኗ ነው፤ የእርስዎ ድምፅ ሁለተኛ ተራኪ ነው። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ 32 ገጽ ናቸው፤ ትልቁ የማተሚያ ወረቀት ሲታጠፍ የሚወጡት ገጾች በስምንትና በዐሥራ ስድስት ስለሚቆጠሩ ነው። በነዚህ ጥቂት ገጾች ውስጥ ጸሐፊው ስለ ሴትዮዋ ጠባይ የሚናገርበት ቦታ ስለሌለው ሥራውን ለሠዓሊው ይተውለታል፤ ሠዓሊውም ቅንድቧን ያቀጥናል፣ አገጯን ከፍ ያደርጋል፣ ከንፈሯን ያጠብቃል፣ ከደረጃው አናት ላይ ያቆማታል። እርስዎ የጻፉልኝን ገጽ እስኪ እንደ ገና ይመልከቱት። ሴትዮዋ ከላይ ናት፣ ልጅቷ ከታች፤ አንዷ ቁልፍ ይዛለች፣ ሌላዋ መጥረጊያ። የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነች፣ ማን እንደምታዝና ማን እንደምትታዘዝ አንድም ቃል ሳይነገር ተነግሯል። እርስዎ «አክስት» ሲሉ ልጅዎ ጣቷን ሴትዮዋ ላይ አሳርፋ መቆየቷ፣ ጆሮዋ የሰማውና ዓይኗ ያየው አልገጥም ስላላት ይመስለኛል።

እንግዲህ ወደፊት መጽሐፍ ሲመርጡ ጽሑፉን ከማንበብዎ በፊት ሥዕሎቹን ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየገለጡ ይዩ። የሴትዮዋ ፊት በሁሉም ገጽ አንድ ዓይነት ነው ወይስ አንድ ቦታ ላይ እንኳ ሰው ትመስላለች? የሞተችው እናት በሥዕሉ ውስጥ የምትታሰብበት ቦታ አላት? አባትየውስ የት ነው ያለው? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ በተለይ ይያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ለልጅዎ ከሁሉ ይልቅ አስፈላጊ መስሎ የታየኝ የእናቷ ነገር ነው። ሲንደሬላ ወደ ሕፃናት መጻሕፍት የገባችባቸው ሁለት ትልልቅ መንገዶች አሉ። አንደኛው በ1697 በፓሪስ የታተመው የፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ ትረካ ነው። ዱባው ሠረገላ የሚሆነው፣ አይጦቹ ፈረስ የሚሆኑት፣ የመስተዋት ጫማውም የሚገኘው በእርሱ ነው፤ ረዳቷም ምትሃት የምታውቅ የክርስትና እናቷ ናት። መጨረሻው ይቅርታ ነው፤ ሲንደሬላ ያሠቃዩአትን እኅቶች አቅፋ ቤተ መንግሥት ወስዳ ትድራቸዋለች። በሱቅ የሚገኙት የሥዕል መጻሕፍት አብዛኞቹ ይህን መንገድ የሚከተሉ ሲሆን፣ አክስቷ የላከችላትም የመስተዋት ጫማ ካለበት ከዚሁ ወገን ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው የግሪም ወንድማማቾች ትረካ ነው፤ በዚህኛው ውስጥ የክርስትና እናትም ዱባም የለም። አባትየው ወደ ገበያ ሲሄድ እኅቶቹ ልብስና ዕንቁ ያዙታል፤ እርሷ ግን «ስትመለስ ባርኔጣህን መጀመሪያ የሚነካውን ቅርንጫፍ ቆርጠህ አምጣልኝ» ትለዋለች። ያመጣላትን ሃዘል የተባለ ዛፍ ቅርንጫፍ እናቷ መቃብር ላይ ትተክለዋለች፣ በእንባዋም ታጠጣዋለች፤ ቅርንጫፉ አድጎ ዛፍ ይሆናል። በየቀኑ ሦስት ጊዜ ከሥሩ ሄዳ ስታለቅስ ነጭ ወፍ ዛፉ ላይ ታርፍና የለመነችውን ትጥልላታለች፤ ለግብዣው የሚሆነው ቀሚስ የሚወርደውም ከዚያው ዛፍ ነው። እንጀራ እናትየው ምስሩን አመድ ውስጥ ደፍታ «ልቀሚ» ስትላት የሚለቅሙላት ርግቦች ናቸው። ብዙ ልጆች ጉልበቴ ላይ ተቀምጠው ይህን ትረካ አንብቤላቸዋለሁ፤ እናቱን ያጣ ልጅ ዛፉ ያለበት ገጽ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ፤ ገጹ እንዲገለጥበት አይፈልግም። በዚያ ተረት እናት ሞታለች፣ ግን አልጠፋችም፤ ከመሬት በታች ሆናም ልጇን ታለብሳለች። ይህን ለ5 ዓመት ልጅ በምክር ቃል ማስረዳት አይቻልም፤ አንድ ዛፍ ግን ያስረዳዋል።

በዚህኛው መንገድ የሚገኘውን አስፈሪ ነገር ግን አልደብቅዎትም። እኅቶቹ ጫማው እንዲበቃቸው አንዷ የእግር ጣቷን፣ ሌላዋ ተረከዟን ትቆርጣለች። ከ1819ኙ እትም ጀምሮ ደግሞ በሠርጉ ዕለት ርግቦቹ ዓይኖቻቸውን ያወጣሉ። ለዚህ ዕድሜ የተዘጋጁት የሥዕል መጻሕፍት ብዙዎቹ የዓይኑን ነገር ይተዉታል፤ ያልተወ ካጋጠመዎት ለጊዜው ይለፉት። የስኖው ኋይትንም የመጨረሻ ገጽ አስቀድመው ይመልከቱ፤ በጥንቱ ጽሑፍ ንግሥቲቱ በእሳት የጋለ የብረት ጫማ ተጫምታ እስክትሞት ትጨፍራለች፤ ለልጅዎ ይህ ገና ነው።

ሃንሰልና ግሬትልን ግን ቢያንስ 7 ዓመት እስኪሆናት ቁም ሳጥኑ ላይ ያኑሩት። ቤቱ በኬክ የተሠራ፣ ሥዕሉ የሚያስጎመጅ ስለሆነ ሰዎች ለትንንሽ ልጆች የሚሆን ይመስላቸዋል። ልጆቹ ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ሴትዮዋ ሞታ ያገኟታል፣ ይህም እንደ መልካም ዜና ይነገራል። አንዲት እናቷን የቀበረች ልጅ የሁለተኛዋን እናት ሞት እንደ መልካም ዜና እንድትሰማ አልፈልግም።

አሁን ወደ አባትየው ልመለስ። በፔሮ ትረካ የሲንደሬላ አባት በሕይወት አለ፤ ሚስቱ ታዝዘዋለች እንጂ አያዛትም። በግሪሞቹ ትረካ ከዚህ የከፋ ነው፤ የንጉሡ ልጅ ባለ ጫማዋን ፍለጋ መጥቶ «ሌላ ልጅ የለህም?» ሲለው፣ ከሟች ሚስቴ የቀረች አንዲት ቀጫጫ አለች፣ እርሷ ግን ሙሽራ ልትሆን አትችልም ብሎ ይመልሳል። ሠዓሊዎች ይህን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጨርሰው አይሥሉትም፤ ከሁለተኛው ገጽ በኋላ ይጠፋል። በዚህ ተረት ውስጥ ከሴትዮዋ ክፋት እኩል የሚያሳዝነኝ የዚህ አባት ዝምታ ነው፤ በደብዳቤዎ ውስጥም «ባለቤቴ ዝም ብሏል» የሚለውን አጭር ዐረፍተ ነገር ሳነብ እርሱው ትዝ አለኝ። ባለቤትዎ ክፉ ሰው ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ምናልባት የሟች ባለቤታቸው ስም በተነሣ ቁጥር ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸው ይሆናል። ቢሆንም አንድ ምሽት መጽሐፉን እርሳቸው ያንብቡላት። እርስዎም አጠገባቸው ይቀመጡ። አንብበው ሲጨርሱ በራሳቸው ቃል «እናትሽ ትወድሽ ነበር፤ እትዬም ትወድሻለች፤ እኔ ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ» ይበሏት። ይህን ከአባቷ በቀር በዚህ ዓለም ላይ ሊላት የሚችል ሰው የለም።

ለጥያቄዋ የሚሰጡትን መልስ በተመለከተ፣ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፤ ግን ዛሬ ነገ ሳይሉ እርስዎ ራስዎ ያንሡት፤ ለተጠየቀ ጥያቄ ዝም ማለት ለልጅ መልስ ነውና። እኔ ብሆን እንዲህ እላታለሁ፦ «ያን ቀን ጠይቀሽኝ አልመለስኩልሽም። እንጀራ እናት ማለት አባትሽን አግብታ አንቺን የምታሳድግ ሴት ማለት ናት። አዎ፣ እኔ እንጀራ እናትሽ ነኝ። በመጽሐፉ ያለችው ክፉ ናት፤ እኔ ደግሞ እርሷ አይደለሁም። ቃሉ ውስጥ እንጀራ አለ፤ ሰማሽው?» ልጆች ቃልን ሲሰነጥቁ ደስ ይላቸዋል፤ እንጀራን በቃሉ ውስጥ ስታገኘው ቃሉ ከመጽሐፉ ወጥቶ ወደ ገበታችሁ ይመጣል። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ያለው «ስቴፕማዘር» የሚለው ቃል ደግሞ መነሻው «ወላጅ የሞተበት» ከሚል ጥንታዊ የጀርመናዊ ቋንቋዎች ቃል ነው፤ ሲጀመር የሚናገረው ስለ ልጁ ኀዘን እንጂ ስለ ሴትዮዋ ክፋት አልነበረም። የእኛው ቃል ከዚያኛው ይልቅ ሙቀት አለው።

ለአማትዎ የማቀርበው ልመና አለኝ። በአገራችን የሚነገር፣ ምናልባት እርሳቸውም የሚያውቁት ተረት አለ። አንዲት ሴት ሚስቱ የሞተችበትን ሰው ታገባለች፤ ልጁ ግን ይጠላታል፤ የሠራችለትን አይበላም፣ የሰፋችለትን አይለብስም፣ «አንቺ እናቴ አይደለሽም» ይላታል። እርሷም ወደ አንድ አዋቂ ሽማግሌ ሄዳ የሚያስወድድ መድኃኒት ትለምናለች። ሽማግሌውም «ከአንበሳ ጺም ሦስት ጸጉር አምጪልኝ» ይላታል። ሴትዮዋ ሥጋ ይዛ አንበሳው ወደሚውልበት ትሄዳለች፤ የመጀመሪያውን ቀን ከሩቅ አስቀምጣ ትመለሳለች፤ በማግሥቱ ትንሽ ትቀርባለች፤ እንዲህ እያለች ብዙ ቀን ከተመላለሰች በኋላ አንበሳው ከእጇ ሲበላ ሦስቱን ጸጉር በቀስታ ትቆርጣለች። ጸጉሩን ስታመጣለት ሽማግሌው መድኃኒት አይሰጣትም፤ «አንበሳውን እንደቀረብሽው ልጁንም ቅረቢው» ብሎ ያሰናብታታል። ይህ ተረት ባሏ ስለሸሻት ሚስትም ይነገራል፤ በእንጀራ እናቷ መልኩ ግን ተሥሎ በ1995 በአሜሪካ የሕፃናት መጽሐፍ ሆኗል። በዓለም ላይ ካሉት የሥዕል መጻሕፍት ውስጥ እንጀራ እናት ዋና ባለታሪክ የሆነችበትን ስፈልግ በብዙ ድካም ካገኘኋቸው ጥቂቶች አንዱ ከእኛው አገር የሄደው ተረት መሆኑ እጅግ አስደስቶኛል።

መጽሐፉን ማግኘት የግድ አይደለም። አማትዎ «ተረት ተረት» ይበሉ፣ ልጅዎ «የላም በረት» ትበል፣ ተረቱም ከእርሳቸው አፍ ይውጣ። እንጀራ እናት መልካም ልትሆን እንደምትችል ከአያቷ አንደበት መስማቷ ከእርስዎ ከመስማቷ ይበልጣል። ቀጥሎ ወረቀትና ከለር ስጧትና ሥዕሉን እርሷ ትሥራው። ሴትዮዋን የት እንደምታቆማት፣ አንበሳውን ምን ያህል እንደምታተልቀው፣ ልጁን ከየት በኩል እንደምታስቀምጠው ዝም ብለው ይመልከቱ፤ አያርሟት። ስምንት ወረቀት መሐል ለመሐል ታጥፎ በመርፌና በክር ሲሰፋ 32 ገጽ ይሆናል።

ስለ እንቅልፏ ካሰቡ፣ አንዱን ገጽ ደጋግማ መጠየቋ አያስጨንቅዎ፤ ልጆች የከበዳቸውን ነገር የሚያላምጡት በመደጋገም ነው። መጽሐፉን ራሷ ስትሸሸው፣ ሌሊት እየባነነች ስታለቅስ ወይም ከእርስዎ ስትርቅ ካዩ ግን ለጥቂት ወራት ያንሡት፤ ካልተሻላትም ሕፃናትን የሚያይ ባለሙያ ያማክሩ።

ያ የደረጃው ገጽ ተመልሶ ሲመጣና ጣቷን ሴትዮዋ ላይ ስታሳርፍ ገጹን ለመግለጥ አይቸኩሉ። «ሴትዮዋ ምን እያሰበች ይመስልሻል?» ብለው ይጠይቋትና መልሷን በትዕግሥት ይጠብቁ። የምትልዎትን ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።